ጅማ ውስጥ ከአካባቢ ጥበቃ ቡድን ጋር በበጎ ፈቃድ መስራት ለምትፈልጉ

ክረምት ሲገባ "እኔም ችግኝ ልትከል፣ ወንዝ ላጽዳ፣ የት ነው ምመዘገበው?" የሚል ሰው ይበዛል። ደስ ይላል። ግን ጅማ ላይ ሐምሌ ውስጥ መትከል ቀላሉ ስራ ነው፣ አፈሩ እርጥብ ነው፣ ዝናቡ ሳይጠሩት ይመጣል፣ ሰዉም ቲሸርት ለብሶ ፎቶ ተነስቶ ይገባል። ሰው የሚጠፋው ከጥቅምት በኋላ ነው፣ ዝናቡ ሲያቆም፣ ፍየሉ ሲለቀቅ፣ ውሃ በጀሪካን ተሸክሞ ማጠጣት ሲመጣ። ስለዚህ ቡድን ስትመርጡ መጀመሪያ "ዘንድሮ ስንት ልትተክሉ ነው?" ብላችሁ አትጠይቁ፣ "አምና የተከላችሁትን ውሰዱና አሳዩኝ" በሉ። ወስደው ካሳዩዋችሁ፣ ግማሹ ብቻ እንኳን ጸድቆ ቢሆን፣ ግቡ። "እዛ ማዶ ነው፣ ሌላ ቀን እንሄዳለን" ካሏችሁ እኔ ብሆን ሌላ እፈልጋለሁ።

የት ይገኛሉ ለምትሉ፣ ተማሪ ከሆናችሁ ግቢ ውስጥ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ካለ ከዛ ጀምሩ። ካልሆነ ቀበሌ ሄዳችሁ የወጣት ማህበራትን ጠይቁ፣ የሰፈር ዕድርም አትናቁ፣ ብዙ ቦታ ወንዝ ዳር ያለውን ቁራጭ መሬት ሲንከባከብ የምታገኙት ዕድር ወይም የመስጊድና የቤተክርስቲያን ሰው ነው እንጂ ስም ያለው ድርጅት አይደለም። ትንሽ የሰፈር ስብስብ ወረቀት ባይኖረው አይገርምም፣ ወንዝ ዳር የሚሰሩ ከሆነ ግን ቢያንስ ከቀበሌው ወይም ከማዘጋጃ ቤቱ ደብዳቤ ይኑራቸው፣ አለበለዚያ የተከላችሁበት ቦታ ነገ ለሌላ ነገር ይሰጥና ድካማችሁ ውሃ ይበላዋል። ከሰው ብር የሚሰበስብ፣ ድርጅት ነኝ የሚል ከሆነ ደግሞ በአዋጅ 1113/2011 መሰረት ከሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ባለስልጣን የተመዘገበበትን ሰርተፍኬት ማየት መብታችሁ ነው፣ አታፍሩ ጠይቁ፣ ደረሰኝም ተቀበሉ።

ስትገቡ "ፕሮጀክት አለኝ" ብላችሁ አትግቡ። መጀመሪያ ሁለት ሶስቴ ስብሰባ ቁጭ ብላችሁ ስሙ፣ ከዛ "ምን ጎደላችሁ?" በሉ። ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ጉልበት ሳይሆን ኤክሴል የሚችል ሰው ነው፣ በአፋን ኦሮሞ ደብዳቤ አሳምሮ የሚጽፍ ነው፣ ፒካፕ ያለው ዘመድ ያለው ሰው ነው። ቃል ስትገቡም ቀንሳችሁ ግቡ። በየሳምንቱ ቅዳሜ እመጣለሁ ብሎ በሶስተኛው ከሚጠፋ ሰው በሁለት ሳምንት አንዴ ለሁለት ሰዓት የሚመጣ ይሻላል፣ ምክንያቱም ተረኛ ውሃ አጠጪ ከቀረ ችግኙ ይደርቃል፣ ችግኝ ይቅርታ አያውቅም።

አሁን ስለ ውሃው ትንሽ ላውራ፣ ጅማ ላይ ሁሉም ነገር ከውሃው ጋር የተያያዘ ስለሆነ። አዌቱ ወንዝ ከተማዋን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ያልፋል፣ ወደ ታች ወርዶ የቦዬ ረግረግ አካባቢ ይደርሳል፣ ከዛ ግልገል ጊቤ ወንዝ ውስጥ ይገባል። ግልገል ጊቤ ላይ ከ1996 ጀምሮ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ግድብ አለ፣ ከግድቡ የወጣው ውሃ በዋሻ ሄዶ ግልገል ጊቤ ሁለት የሚባለውን የመብራት ማመንጫ ያንቀሳቅሳል፣ ከዛ ኦሞ፣ መጨረሻው ቱርካና ሀይቅ። እና መርካቶ ድልድይ ላይ ቆሞ ፌስታል የሚወረውር ሰው ወንዙ የሚወስድለት ይመስለዋል፣ መውሰዱንስ ይወስደዋል፣ ግን የትም አያጠፋውም። ከእርሻውና ከተራቆተው ዳገት የሚታጠበው አፈርም እንደዛው ግድቡ ውስጥ ይተኛል። ሰው ለማሳመን ስትሞክሩ "ተፈጥሮን እንውደድ" ከምትሉ ይህችን መንገድ ብትነግሩት ቶሎ ይገባዋል፣ መብራት የማይጠፋበት ሰው የለማ።

የወንዝ ጽዳት መቼ? ብዙ ቡድን ሰኔ ላይ ይወጣል፣ እኔ ግን ጥርና የካቲት እላለሁ፣ ምክንያቱም ውሃው ዝቅ ብሏል፣ ዳርና ዳሩ ይታያል፣ ደግሞ የመጋቢት ዝናብ መጥቶ ቆሻሻውን ጠርጎ ወደ ቦዬ ሳይወስደው ትደርሱበታላችሁ። ሐምሌና ነሐሴ ወንዝ ውስጥ አትግቡ፣ ጅማ ላይ ፀሐይ እያለ ላይኛው አገር ይዘንብና ውሃው ድንገት ይሞላል።

ቦቲ ጫማ ያስፈልጋል፣ ወፍራም ጓንት ያስፈልጋል (ያቺ ስስ የሐኪም ጓንት አይደለም፣ መርፌ አታቆምም)። ባዶ እግር መግባት ፈጽሞ አይሆንም፣ ሰባራ ጠርሙሱ አንድ ነገር ነው፣ ሌላው ቢልሃርዚያ ነው፣ ቀስ ብሎ በሚሄድ ቀንድ አውጣ ባለበት ውሃ ውስጥ ቆዳን በስቶ ይገባል፣ ወዲያው ስለማይታወቅ ሰው ይዘናጋል። የቲታነስ ክትባት ካልወሰዳችሁ ጤና ጣቢያ ጎራ በሉ። ስሪንጅ ካያችሁ በእጅ አታንሱ፣ በመቆንጠጫ አንስታችሁ ክዳን ያለው ጠንካራ እቃ ውስጥ ክተቱና ለጤና ጣቢያ ስጡ።

የወጣውን ቆሻሻ እዛው ለዩት። ሃይላንዱን ለብቻ በማዳበሪያ፣ ቆራሌው ይገዛችኋል፣ ለጓንት መግዣ ትሆናለች። ፌስታሉ ለብቻ። ጅማ ነውና ገረባ (የጫት ትራፊ) ደግሞ በሽ ነው፣ እሱን ከፌስታሉ ከለያችሁት ይበሰብሳል፣ ኮምፖስት ውስጥ ይገባል፣ ከፌስታል ጋር ከተደባለቀ ግን የማንም አይሆንም። ከሁሉ በላይ ግን ከመውጣታችሁ በፊት የሚያነሳ መኪና ወይም ጋሪ ተነጋግራችሁ ጨርሱ፣ ወንዝ ዳር ከምሮ መሄድ ማለት ለሚቀጥለው ዝናብ ማዘጋጀት ማለት ነው፣ ይሄንን የሚያደርግ ቡድን በአይኔ አይቻለሁ፣ ስሙን አልጠራም።

ተከላው ላይ እንምጣ። ጉድጓዱ የሚቆፈረው በተከላ ቀን አይደለም፣ ከወር በፊት ነው፣ ግንቦት ላይ፣ በቁመትም በወርድም ከ40 እስከ 50 ሳንቲ። ስትቆፍሩ ላይኛውን ጥቁር አፈር በአንድ በኩል የታችኛውን ቀዩን በሌላ በኩል አድርጉ፣ ስትመልሱ ጥቁሩ ከስር ይገባል። ችግኙ ያለበትን ፕላስቲክ ቅደዱና አውጡት፣ ይሄን መናገር ያለብኝ አይመስለኝም ነበር ግን ከነፕላስቲኩ የሚቀብር ሰው ሁሌ አለ፣ የወጣውንም ፕላስቲክ ኪሳችሁ ክተቱ እዛው አትጣሉ። ከስር የተጠማዘዘ ስር ካለ በምላጭ ቁረጡት፣ አንገቱን (ግንዱና ስሩ የሚገናኙበትን) አትቅበሩ፣ በእግር ረገጥ ረገጥ አድርጉና ዙሪያውን በደረቅ ሳር ሸፍኑ፣ ሳሩ ግንዱን አይንካ።

ምን ይተከል? ወንዝ ዳር ዶቅማ፣ ሾላ፣ ቀርከሃ። ቡና አጠገብ ሰሳ፣ ዋንዛ፣ ብሳና፣ ገበሬው ራሱ ለጥላ የሚመርጣቸው ናቸው። ባሕር ዛፍ ወንዝ ዳርና ረግረግ ላይ አይሁን፣ ግን ባሕር ዛፍ የተከለን ገበሬ አትሳደቡ፣ የልጁን ደብተር የሚገዛው ከሱ ነው፣ ሌላ ገቢ ሳታሳዩት ንቀል ማለት ነውር ነው። ችግኝ ጣቢያ ላይ የምትሰሩ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ያዙ፣ የዶቅማና የቀረሮ ፍሬ እንደሌላው አድርቆ ማስቀመጥ አይቻልም፣ እንደተለቀመ ካልተዘራ ይሞታል። ለቲዩብ (ለችግኝ ፕላስቲኩ) የሚሞላው አፈር ሶስት እጅ የጫካ አፈር፣ ሁለት እጅ ኮምፖስት፣ አንድ እጅ አሸዋ ከሆነ በቂ ነው።

ከዛ በጋ። ዋናው ስራ እሱ ነው፣ የሚያስጨበጭብም የለውም። ከኅዳር እስከ ጥር ደረቅ ነው፣ በሳምንት ለአንድ ችግኝ አምስት ሊትር ያህል ካደረሳችሁ አንድ 20 ሊትር ጀሪካን አራቱን ያጠጣል፣ ስለዚህ ቡድኑ ስንት ሰው አለው፣ ስንት ጀሪካን ይሸከማል ብላችሁ አስሉና ከዛ በላይ አትትከሉ! መቶ ተክሎ ሰማንያ ማጽደቅ ሺ ተክሎ መርሳትን ያስንቃል። አረሙን ዙሪያውን ንቀሉ፣ ልቅ ግጦሽ ካለ በእሾህ አጥሩ፣ ከሁሉ የሚበልጠው አጥር ግን ከብት ጠባቂዎቹ ልጆች ናቸው። በስማቸው ጥሯቸው፣ ለያንዳንዳቸው ዛፍ ስጧቸው፣ ፍየሉን ራሳቸው ያባርሩታል። በየሶስት ወሩ ቆጥራችሁ ጻፉ፣ ስንት ጸደቀ፣ ስንት ደረቀ፣ ስንቱን ፍየል በላው።

ቦዬ ላይ የሚሰራ ቡድን ካገኛችሁ እድለኛ ናችሁ። ረግረጉን ለሸክላ አፈር ይቆፍሩታል፣ ያርሱታል፣ ባሕር ዛፍ ይተክሉበታል፣ ቆሻሻም ይደፋበታል። እዛ የምትሰሙት ትልቁ ክርክር "ይድረቅ፣ ወባ ነው የሚያመጣው" የሚል ነው። መልሱን ያዙ፣ የወባ ትንኝ የምትወደው ትንንሽ ጥልቀት የሌለው ፀሐይ የሚመታው የቆመ ውሃ ነው፣ የሸክላ አፈር የወጣበት ጉድጓድ፣ የከብት ኮቴ የረገጠው ቦታ። ዓመቱን ሙሉ ውሃ ያለበት ጤነኛ ረግረግ ውስጥ ግን እጯን የሚበሉ አሳና ነፍሳት አሉ። ስለዚህ ጉድጓዶቹን መድፈን ጥሩ የበጎ ፈቃድ ስራ ነው፣ ለጤናም ለረግረጉም።

ወፍ ለመቁጠር የሚፈልግ ካለ ወቅቱ ጥር ነው፣ በዓለም ዙሪያ የውሃ ወፎች በፈረንጆቹ ጃንዋሪ ይቆጠራሉ፣ እኛም አገር የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና ተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር ለረጅም ዓመት የሰራበት ነው። ባይናኩላር ከሌላችሁ አንዱ ያለው ቡድን ውስጥ ሆናችሁ ጻፊ ሁኑ። በጠዋት ሂዱ፣ ጮክ አትበሉ፣ ራሱ ላይ ወርቃማ ዘውድ ያለውን ረጅሙን ወፍ ጎጆው ላይ ካገኛችሁት ለፎቶ ብላችሁ አትጠጉ።

ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ደግሞ የእሸት ቡና ማጠቢያዎች ስራ ላይ ናቸው፣ ያልተጣራ ውሃቸው ወንዝ ውስጥ ሲገባ ይሸታል፣ አየሩን ከውሃው ይበላና አሳ ይሞታል። አንድ ሰው ሄዶ ከጥበቃው ጋር አይጨቃጨቅ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቦታ፣ ፎቶ ከላይና ከታች በኩል፣ ይሄን በደብተር ያዙና በቡድኑ ስም ለወረዳው የአካባቢ ጥበቃ ጽህፈት ቤት አስገቡ፣ ግልባጩ ላይ ማህተም ወይም የገቢ ቁጥር ሳትቀበሉ አትውጡ።

ጫካ ለመሄድ የሚቸኩል አለ፣ በለጤ ጌራን ማለቴ ነው፣ በቦንጋ መንገድ በኩል። እዛ ጫካውን የሚያስተዳድሩት የነዋሪዎቹ ማህበራት ናቸው፣ በ1990ዎቹ አጋማሽ በጃፓኑ የትብብር ድርጅት በጃይካ ድጋፍ የተጀመሩ፣ ዋቡብ ይሏቸዋል። አባል መሆን የሚችለው ነዋሪው ነው፣ እናንተ እንግዳ ናችሁ። በማህበሩ በኩል ተጠርታችሁ ሂዱ፣ ትላልቆቹን ኦቦ፣ እናቶችን አዴ እያላችሁ አናግሩ፣ አማርኛ ብቻ ከሆነ የምትችሉት አፋን ኦሮሞ የሚችል ጓደኛ ይዛችሁ ሂዱ፣ አካም ጅርቱና ገለቶማ ግን ራሳችሁ በሉ። ቡና ሲፈላ "ቸኩለናል" አትበሉ፣ የጫካው ወሬ በሙሉ የሚወራው እዛ ነው፣ የት እንደተቆረጠ፣ ማን ከሰል እንዳከሰለ፣ የትኛው ምንጭ እንደነጠፈ። ጫካ ውስጥ ያለ ቡና ባለቤት አለው፣ አንዲት ፍሬ አትልቀሙ።

የመጨረሻዋ ለተማሪዎች ናት። ሰኔ ላይ ተመርቃችሁ ትሄዳላችሁ፣ የችግኝ ጣቢያው ቁልፍ እናንተ ጋ፣ የቴሌግራሙ አድሚን እናንተ፣ የቆጠራው ደብተር ሻንጣችሁ ውስጥ። ከሚያዝያ ጀምራችሁ ተተኪ ያዙ፣ ከጅማ የማይሄድ የሰፈር ሰው ቢሆን ይመረጣል፣ አንድ ሁለት ዙር አብራችሁ ውሃ አጠጡ፣ የትኛው ቧንቧ እንደሚሰራና ጀሪካኖቹ የማን ቤት እንደሚቀመጡ አሳዩት፣ ደብተሩን ፎቶ አንስታችሁ ግሩፑ ላይ ልቀቁ፣ ቁልፉን ደግሞ ሁለት አስቀርጹ።