ወጨጫን ከጓደኞች ጋር መውጣት፦ ከመዋጮው እስከ መልሱ

አዲስ አበባ በተራራ የተከበበች ከተማ ናት። በሰሜን እንጦጦ፣ በምዕራብ ወጨጫ፣ በደቡብ ምሥራቅ የረር፤ ሦስቱም 3,000 ሜትርን ያልፋሉ። ከጓደኞቹ ጋር አንድ ሙሉ ቀን በእግሩ መዋል ለሚፈልግ ወጣት ከሦስቱ ወጨጫን እናስቀድማለን። ጫፉ ዳሞቻ 3,385 ሜትር ሲሆን በምዕራብ በኩል ባለው ተዳፋት ላይ የመናገሻ ሱባ ደን አለ። ደኑን በ15ኛው ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ እንዳስተከሉት ይነገራል። ከታች ጥድ፣ ዝግባና ወይራ፣ ከፍ ሲሉ ኮሶ፣ ወደ ጫፉ ሲጠጉ አስታ ይቀበላችኋል። በጠዋት ለገባና ድምፁን ለቀነሰ ሰው ጉሬዛ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲወረወር፣ ቀን ከቀናም ድኩላ ጥላ ውስጥ ቆሞ ማየት ይቻላል።

እንዲህ ያለውን ቀን አብዛኛውን ጊዜ የሚያበላሸው የቡድኑ አካሄድ ነው። ሁለቱ ጎበዞች ፊት ፊት ይሮጣሉ፣ ሁለቱ ደክመው ኋላ ይቀራሉ፣ መሐል ያሉት ወዴት እንደሚሆኑ ይጠፋቸዋል። ማታ ሲመለሱ ሁሉም ለየብቻው ተራራ ወጥቷል እንጂ አብሮ የዋለ የለም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ዝግጅት በሙሉ የተሰላው ከቡድኑ ቀስ ብሎ በሚሄደው ሰው ልክ ነው።

ሰው፣ ቀን፣ ገንዘብ

ከስድስት እስከ ስምንት ሰው ጥሩ ነው። ከአራት ካነሰ አንድ ሰው እግሩ ቢወለም የሚደግፈውና ርዳታ ለመጥራት የሚሄደው አብሮ አይበቃም። ከአሥር ከበለጠ ደግሞ ጨዋታው ለሁለት ይከፈላል፣ ዕረፍቱም ይረዝማል።

ቀኑን ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ጊዜ ምረጡ። ሰማዩ ጥርት ይላል፣ መንገዱ ደርቋል፤ ጠዋቱ ግን ይቀዘቅዛል። መስከረም በአደይ አበባ ያማረ ቢሆንም ጭቃው ገና አልጠገገም፤ ጥቁሩ መረሬ አፈር ጫማ ላይ እየተደራረበ እግርን እንደ ድንጋይ ያከብደዋል። በመጋቢትና በሚያዝያ ከሰዓት በኋላ የበልግ ዝናብ ሊመጣ ይችላል። ከሰኔ እስከ ጳጉሜን ግን ወጨጫን ተዉት።

ቅዳሜ ከእሑድ ይሻላል፤ ቤተ ክርስቲያን የሚሄደውም ሰው ይመቸዋል፣ በማግሥቱም ማረፊያ ይኖራችኋል። ከቡድኑ ረመዳንን የሚጾም ካለ ይህን ጉዞ ለሌላ ጊዜ አቆዩት። በዚያ ዳገት ላይ ሳይጠጡ መዋል አደገኛ ነው፤ ጓደኛን ትቶ መሄድም ጉዞውን ትርጉም ያሳጣዋል።

መዋጮው ከጉዞው ሦስት ቀን በፊት በአንድ ሰው እጅ ይጠቃለል፤ በቴሌብር ቢሆን ማን ከፈለ ማን ቀረ የሚለው ጭቅጭቅ አይኖርም። ገንዘቡን በሁለት ክፈሉት፦ የመኪናና የምግብ። ኮንትራት የተያዘ ሚኒባስ ሰው ቢቀርም ዋጋው አይቀንስም። ስለዚህ በመጨረሻው ቀን የቀረ ሰው የምግቡ ይመለስለታል፣ የመኪናው አይመለስለትም። ይህን ቀድማችሁ ተስማሙ፤ ብዙ ቡድን የሚፈርሰው በዚህች ነገር ነው። ከሹፌሩ ጋር ስትዋዋሉ የመልሱን ሰዓትና መኪናው እዚያው ቆሞ ይጠብቅ እንደሆነ በግልጽ ተነጋገሩ። ከሰበታ ወደ ደኑ የሚወስደው መንገድ ፒስታ ስለሆነ ወለሉ ዝቅ ያለ መኪና አይመችም።

በሳምንቱ መጀመሪያ አካባቢውን ለሚያውቅ ሰው ደውላችሁ መንገዱ ክፍትና ሰላም መሆኑን ጠይቁ። ደኑ በር ላይ መግቢያ ይከፈላል፤ እዚያው መንገድ የሚያሳይ የአካባቢ ሰው ያዙ። ጫፍ ድረስ የምትወጡ ከሆነ ይህን ወጪ አትሰስቱ። የከብት መንገዱና የሰው መንገዱ ይመሳሰላሉ፤ አንዱ ጫካ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል።

እንጦጦ ላይ መፈተን

ከሁለት ሳምንት በፊት እንጦጦን ውጡ። ከሽሮ ሜዳ ተነስቶ አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. የነገሡባት እንጦጦ ማርያም ድረስ መውጣት በቂ ፈተና ነው። ማን ቶሎ ይተነፍሳል፣ የማን ጫማ ተረከዝ ይልጣል፣ ማን ውኃ ሳይዝ ይመጣል፣ ሁሉም እዚያ ይታያል። ስትወርዱ የደረቀ የባሕር ዛፍ ቅጠል ተጠንቀቁ፤ እርስ በርሱ ስለሚንሸራተት በተዳፋት ላይ እንደ በረዶ ያስኬዳል። እርምጃችሁን አሳጥሩ፣ ጉልበታችሁን በትንሹ እጠፉ። ቅጠልና ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ሲመጡ መንገዱን ሙሉ በሙሉ ልቀቁ። ያን ሸክም ይዞ ጎን ማለት አይቻልም። ሳታስፈቅዱም ፎቶ አታንሷቸው።

ጫማ የሚፈተነውም ያን ቀን ነው። አዲስ ጫማ ለወጨጫ ቀን አይመረቅም። ሶሉ ጥርስ ያለው፣ ከፊት በኩል አውራ ጣት የሚያህል ክፍት ቦታ ያለው ስፖርት ጫማ ይበቃል። ክፍቱ ቦታ የሚያስፈልገው ቁልቁለት ላይ እግር ወደፊት ስለሚሸሽ ነው፤ ጠባብ ጫማ ያደረገ ሰው በሦስተኛው ቀን የአውራ ጣቱ ጥፍር ይጠቁራል። ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ቆማችሁ ክሩን በቁርጭምጭሚት በኩል አጥብቁት።

ቦርሳው ውስጥ

ለአንድ ሰው ውኃ 2 ሊትር። አንድ ትልቅ ከመያዝ ሁለት ባለ 1 ሊትር ሃይላንድ በቦርሳው ግራና ቀኝ ቢሆን ሚዛን ይጠብቃል። ለስላሳ መጠጥ ጥምን አይቆርጥም፤ ለመልስ ይቆይ።

ለዳገት ከበሶ የሚበልጥ ነገር አላገኘንም። ደረቁን ዱቄት፣ ሦስት የሾርባ ማንኪያና ቁንጥር ጨው፣ ባለግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውስጥ አድርጋችሁ ያዙ። ዕረፍት ላይ ውኃውን እስከ ግማሽ ጨምራችሁ በደንብ ናጡት፣ ከዚያ ሙሉት፤ አንዴ ከሞላ በኋላ ከተናጠ ዱቄቱ ይጓጉላል። ማር ያለው ይጨምርበት። ማታ ተበጥብጦ ያደረ በሶ በፀሐይ ሲሞቅ ይቆመጥጣል። ከዚህ ሌላ ለሰው አንድ አንድ ትልቅ እፍኝ ቆሎ፣ ሁለት ሙዝ፣ ለምሳ ወጡን የጠጣ ደረቅ ፍርፍር ወይም ዳቦ። የፍስክ ቀን ከሆነ የተቀቀለ እንቁላልና ጭኮ ጥሩ ነው፤ ጭኮ ትንሿ ብዙ ታስኬዳለች። ወጥ በዕቃ መያዝ አይሆንም፣ ይፈሳል። ጥብሱም ለማታ ይሁን፤ ሆድ የሞላ ሰው ከሰዓት በኋላ እግሩ ይከብደዋል።

ከፍታ በ100 ሜትር ሲጨምር ቅዝቃዜው በ0.6 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። የከተማዋ መሐል 2,400 ሜትር ያህል ስለሆነ ዳሞቻ ላይ 6 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል ማለት ነው፤ ነፋሱ ሌላ ነው። ስትወጡ ያላባችሁት ጥጥ ቲሸርት ጫፍ ላይ ስትቀመጡ በረዶ ይሆናል። መለወጫ ደረቅ ቲሸርት በፌስታል ጠቅልላችሁ ያዙ፣ ላዩ ላይ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት። ባርኔጣም አትርሱ፣ ፀሐዩ ከከተማው ይበረታል።

ለቡድኑ በጋራ፦ ፕላስተር፣ የሚሳብ ፋሻ፣ ሳሙና፣ አንድ ፓወር ባንክ፣ ባትሪ፣ ሁለት ትልልቅ ፌስታል ለቆሻሻ። ካርታውን ቤት ሳላችሁ ስልክ ላይ አውርዱት፤ ጫካው ውስጥ ኔትወርክ ይቆራረጣል።

ሰዓቱ

ከከተማ በ12 ሰዓት ተነሱ፣ በ2 ሰዓት እግራችሁ መሄድ ይጀምር። መንገዱ የሚወስደውን ጊዜ ለመገመት ስኮትላንዳዊው ዊሊያም ናይስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1892 ያወጣው ስሌት እስካሁን ያገለግላል፦ ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ተጨማሪ 1 ሰዓት። ደርሶ መልሱ 12 ኪሎ ሜትር፣ ዳገቱ 600 ሜትር ቢሆን 3 ሰዓት ተኩል ገደማ ይሆናል። ይህ ዕረፍት የለውም፣ ፎቶ የለውም፣ የሚሄደውም የለመደ ሰው ነው። ለጓደኛ ቡድን በእጥፍ አስቡት።

የመመለሻ ሰዓት ከመነሳታችሁ በፊት ይቆረጥ። 7 ሰዓት ሲል የትም ብትደርሱ ፊታችሁን ታዞራላችሁ፤ ጫፉ 20 ደቂቃ ቢቀረውም። ይህን ሕግ የሚያከብር ቡድን ጨለማ ጫካ ውስጥ አይመጣበትም። ከ12 ሰዓት በኋላ ቶሎ ይመሻል፣ ጅብም የአካባቢው ነዋሪ ነው።

አካሄዱ

መንገድ የሚያውቀው ፊት ይሁን፣ ቀስ የሚለው ከእሱ ቀጥሎ ሁለተኛ፣ ጠንካራውና ታጋሹ የመጨረሻ። የመጨረሻው ሰው ከኋላው ማንንም አይተውም። ፍጥነቱ ልክ መሆኑ የሚታወቀው በወሬ ነው፦ ሁለተኛው ሰው አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራርጥ መናገር ከቻለ ደህና ነው። ካልቻለ መሪው ይቀንስ።

በየ50 ደቂቃው 7 ደቂቃ ዕረፉ። እዚህ ላይ ሁሉም ቡድን የሚሠራው ስሕተት አለ። ፊት የደረሱት ተቀምጠው ይጠብቃሉ፣ የደከመው ሲደርስ "እሺ እንሂድ" ብለው ይነሳሉ። እነሱ አሥር ደቂቃ አረፉ፣ ማረፍ የሚገባው ግን አንድም ደቂቃ አላረፈም። ሦስተኛው ዕረፍት ላይ እግሩ ይዝላል፣ ፊቱ ይጠቁራል፣ "እናንተ ሂዱ" ይላል። ዕረፍቱ መቆጠር የሚጀምረው የመጨረሻው ሰው ከተቀመጠ በኋላ ነው።

ከድሬዳዋ ወይም ከአዳማ ሰሞኑን የመጣ ጓደኛ ካለ ሁለት ሦስት ቀን ከተማ ውስጥ ይቆይ፤ 3,300 ሜትር ላይ አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ራስ ምታት የጀመረው ሰው ቁጭ ይበል፣ ይጠጣ። ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ካልተሻለው ወይም ካስመለሰው ከሰው ጋር ይውረድ፤ ሲወርድ ይሻለዋል።

ተረከዝ ሲሞቅና ሲቆጠቁጥ በዚያው ቅጽበት ቁሙና ፕላስተር ለጥፉ። ውኃ ከቋጠረ በኋላ መለጠፍ ዘግይቷል። ቁርጭምጭሚት ከተወለመ በሚሳበው ፋሻ ከጣት ወደ ላይ ጠቅልሉት፣ ሁለት ዱላ ስጡት፣ ዕቃውን ተከፋፈሉለት። እግር መሬት መርገጥ ጨርሶ ካልቻለ ግን ስብራት ሊሆን ስለሚችል አታስረግጡት።

ነጎድጓድ ስትሰሙ ከብልጭታው እስከ ድምፁ ያለውን ሴኮንድ ቁጠሩ፤ ለሦስት ስታካፍሉት ርቀቱ በኪሎ ሜትር ይመጣል። ከ30 ሴኮንድ በታች ከሆነ ከጫፉ ወዲያው ውረዱ፣ ብቻውን በቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ። የእረኛ ውሻ ቢመጣባችሁ አትሩጡ፤ ቁሙ፣ ተጠጋግታችሁ ቀስ እያላችሁ ራቁ፣ እረኛውን ጥሩ። የተነከሰ ካለ ቁስሉን 15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና ማጠብ፣ በዚያው ቀን ለእብድ ውሻ ክትባት ጤና ተቋም መድረስ ግድ ነው።

በመንደሩ ስታልፉ ሰላምታ ስጡ። የአካባቢው ሰው ኦሮምኛ ይናገራል፤ በጠዋት "አካም ቡልተን"፣ ለምስጋና "ገለቶማ" ካላችሁ መንገዱም ይነገራችኋል፣ ውሻውም ይያዝላችኋል። ቡናችሁ በፔርሙስ ይምጣ እንጂ ጫካ ውስጥ እሳት አታንድዱ፤ በጥርና በየካቲት የጥድ ቅጠል በአንዲት ፍንጣሪ ይያያዛል። የሙዝና የብርቱካን ልጣጭም ከናንተው ጋር ይመለስ። አውሬው የሰው ምግብ ከለመደ ለራሱም ለመጪውም ሰው አይበጅም።

ጨዋታውና ፎቶው

ዳገት ላይ ሁሉም ስልክ ከያዘ ሁሉም ያነሳል፣ ማንም አይጫወትም። ስለዚህ ፎቶ አንሺ በየዕረፍቱ ይቀያየር፣ የሌላው ስልክ ቦርሳ ውስጥ ይሁን። ጫፍ ላይ ተሰልፎ ከመነሳት ይልቅ በሶ ሲናጥ፣ ጫማ ሲታሰር፣ አንዱ አንዱን ሲጎትት የተነሱት ከዓመት በኋላ የሚታዩት እነሱ ናቸው። ቢያንስ አንድ ደቂቃ ድምፅ ብቻ ቅዱ፤ የነፋሱና የሳቃችሁ ድምፅ ፎቶው የማይይዘውን ይይዛል።

በእያንዳንዱ ዕረፍት ጎን ለጎን የሚሄዱት ይቀያየሩ። አለዚያ ሁልጊዜ የሚያወሩት ሁለቱ ቀኑን ሙሉ ሲያወሩ ይውላሉ፤ አዲስ የመጣው ልጅ ብቻውን ይሄዳል። ቁልቁለት ላይ ትንፋሽ ስለሚተርፍ እንቆቅልሽ ጀምሩ። ያልመለሰ አገር ይሰጣል፣ የወሰደው "እዚያ አገር ሄጄ" ብሎ እንደ ልጅነታችን ይቀጥላል። ድካሙን የሚያስረሳ እንዲህ ያለ ነገር ብዙም የለም።

ሰበታ ስትደርሱ ጥብሱና ለስላሳው ይታዘዝ። ከመኪናው ሳትወርዱ የሚቀጥለውን ጉዞ ቀንና ኃላፊውን ቁረጡ፤ ከተበተናችሁ በኋላ ቀን መያዝ ወር ይፈጃል። ፎቶዎቹን የሚሰበስበው ሰው በሁለት ቀን ውስጥ 20ውን ብቻ መርጦ ይላክ፣ ለሁሉም አንድ አንድ ፎቶ ቤት ይታተም። ጫማችሁን በማግሥቱ አጥባችሁ ውስጡ ጋዜጣ ጠቅጥቃችሁ ጥላ ላይ አድርቁት፤ ፀሐይ ላይ የደረቀ ጫማ ሶሉ ይለቃል። ጭናችሁ ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ይልቅ በሁለተኛው ይብሳል፤ ሰኞ ደረጃ ስትወርዱ ብትቸገሩ አትደንግጡ።