የሚንቀራፈፍ የዳታቤዝ ኩዌሪ መንስኤው እንዴት እንደሚፈለግ

ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ባለ አንድ የመድኃኒት አከፋፋይ ቢሮ፣ የሒሳብ ሠራተኛዋ የመስከረምን የሽያጭ ሪፖርት አዝዛ እስኪመጣላት ድረስ ሌላ ሥራ ስትጀምር አይቻለሁ። ቢሮው ያሰበው መፍትሔ አዲስ ሰርቨር መግዛት ነበር። ለሰርቨር ገንዘብ ከመውጣቱ በፊት ግን ከዚህ በታች የተዘረዘረውን መንገድ መሞከር ይገባል፤ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የማሽኑ አቅም ማነስ ሳይሆን፣ ማሽኑ ማንበብ የማይገባውን ረድፍ ሁሉ እንዲያነብ መገደዱ ነውና።

በመጀመሪያ የትኛው ኩዌሪ (ፕሮግራሙ ለዳታቤዙ የሚያቀርበው የመረጃ ጥያቄ) እንደሚዘገይ በልኬት ይለዩ። «ሲስተሙ ተንቀራፈፈ» የሚለው አቤቱታ የት እንደሚያም አይናገርም። ማይኤስኪውኤል በተባለው የዳታቤዝ ሶፍትዌር የዘገዩ ኩዌሪዎች የሚመዘገቡበትን ሎግ (የመዝገብ ፋይል) ያብሩ፤ ሳይነካ የሚመጣው ገደብ 10 ሰከንድ ስለሆነ፣ ደንበኛ ፊቱ ቆሞ ለሚጠብቅ ሠራተኛ እጅግ ረጅም ነውና ወደ 1 ሰከንድ ያውርዱት። በሌላው የዳታቤዝ ሶፍትዌር፣ በፖስትግሬስ፣ ተመሳሳዩ ገደብ በሚሊሰከንድ ስለሚሰጥ 1000 ብለው ይሙሉ። ድግግሞሽንም አይዘንጉ፤ 20 ሚሊሰከንድ ብቻ የሚፈጅ ኩዌሪ አንድ ገጽ ሲከፈት 500 ጊዜ ከተጠራ ድምሩ 10 ሰከንድ ይሆናል፤ እንዲህ ያለው ደግሞ በዚህ ሎግ ላይ ጨርሶ አይታይም። ስለዚህ የእያንዳንዱን ኩዌሪ ጠቅላላ ጊዜ የሚደምረውን የፖስትግሬስ ተጨማሪ መሣሪያ፣ ፒጂ ስታት ስቴትመንትስን፣ አብረው ይመልከቱ።

ኩዌሪው እየሠራ ሳይሆን የሌላ ሰው ሥራ እስኪያልቅ ተቆልፎበት እየጠበቀ ሊሆንም ይችላል። በፖስትግሬስ፣ በዚያ ሰዓት ያሉትን ሥራዎች የሚዘረዝረው ፒጂ ስታት አክቲቪቲ ይህንን ያሳያል። መቆለፍ ከሆነ ቆላፊውን ይፈልጉ፤ ኩዌሪውን ማስተካከል አይጠቅምም።

ቀጥሎ ዳታቤዙ ኩዌሪውን በምን ዕቅድ እንደፈጸመው የሚያሳየውን «ኤክስፕሌይን አናላይዝ» የሚለውን ትእዛዝ ከኩዌሪው ፊት ጽፈው ያስኪዱት፤ ማይኤስኪውኤል ይህን የሚቀበለው ከ8.0.18 ጀምሮ ነው። ትእዛዙ ኩዌሪውን በትክክል ስለሚፈጽመው፣ የሚቀይር ወይም የሚሰርዝ ኩዌሪ ከሆነ በትራንዛክሽን (አንድ ላይ በሚጸድቅ ወይም በሚሻር የሥራ ጥቅል) ውስጥ አስኪደው መልሰው ይሻሩት፤ ይህን ረስቶ መረጃ ማጥፋት በጣም ቀላል ነው። በሚወጣው ዕቅድ ላይ ሁለት ነገር ይፈልጉ። አንደኛው፣ ጥቂት ረድፍ ለማግኘት ሰንጠረዡ ከዳር እስከ ዳር መነበቡ ነው። ሁለተኛው፣ ዳታቤዙ በገመተውና በትክክል ባገኘው የረድፍ ብዛት መካከል ያለው ርቀት ነው፤ 10 ገምቶ 100,000 ካገኘ የሰንጠረዡ ስታቲስቲክስ (ዳታቤዙ ለግምቱ የሚጠቀምበት መረጃ) አርጅቶ ሊሆን ስለሚችል «አናላይዝ» በሚለው ትእዛዝ ያሳድሱት።

በእኛ አገር ሶፍትዌሮች ዘንድ ደጋግሜ የማገኘውና ሰፋ አድርጌ ልገልጸው የምፈልገው ጥፋት፣ ዓምዱን በፈንክሽን (እሴትን ተቀብሎ ለውጦ በሚመልስ ስሌት) መጠቅለል ነው። የሽያጩ ቀን የተመዘገበው በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ሪፖርቱ የሚጠየቀው ግን በእኛ አቆጣጠር ነው። ፕሮግራመሩ የእያንዳንዱን ረድፍ ቀን ወደ ኢትዮጵያ አቆጣጠር እየለወጠ «ወሩ መስከረም፣ ዓመቱ 2017 የሆነውን» ብሎ ሲጠይቅ፣ በቀኑ ላይ የተሠራው ኢንዴክስ (እንደ መጽሐፍ ማውጫ የሚፈለገውን ረድፍ በፍጥነት የሚያስገኘው) ከጥቅም ውጭ ይሆናል፤ ሰንጠረዡ 2 ሚሊዮን ረድፍ ካለው 2 ሚሊዮን ጊዜ ስሌት ይሠራል። መልሱ ረድፎቹን ትቶ ጠርዞቹን ብቻ መለወጥ ነው፦ መስከረም 1 ቀን 2017 ማለት በፈረንጅ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024፣ ጥቅምት 1 ደግሞ ኦክቶበር 11 ስለሆነ፣ ኩዌሪው ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁለተኛው ሳይደርስ ያለውን ይጠይቅ። ያኔ ኢንዴክሱ በቀጥታ ወደዚያ ወር ያደርሰዋል።

የስም ፍለጋም እንዲሁ ነው። አንዱ «ፀሐይ» ሌላው «ጸሀይ» ብሎ ስለሚጽፍ፣ ሐን እና ኀን ወደ ሀ፣ ፀን ወደ ጸ የሚመልስ ፈንክሽን በፍለጋው ጊዜ በየረድፉ ላይ ሲሠራ ይታያል። የተስተካከለውን ስም በምዝገባው ጊዜ በሌላ ዓምድ አስቀምጠው ኢንዴክሱን በዚያ ላይ ይሥሩ፤ የሚፈለገውንም ስም በዚያው ፈንክሽን አንድ ጊዜ ያሳልፉት።

ኢንዴክስ ሲሠሩ፣ ፖስትግሬስ እስኪጨርስ ድረስ በሰንጠረዡ ላይ መጻፍን ስለሚያግድ፣ ደንበኛ በበዛበት ሰዓት «ኮንከረንትሊ» የሚለውን አማራጭ ይጠቀሙ፤ ይዘገያል፣ ሽያጩ ግን አይቆምም። ከዚያ ያንኑ ኩዌሪ በድጋሚ ይለኩ። እያንዳንዱ ኢንዴክስ አዲስ ሽያጭ ሲመዘገብ አብሮ ስለሚጻፍ፣ ከወራት በኋላ አንድም ጊዜ ያልተነበበውን የኢንዴክሶችን ንባብ በሚቆጥረው የፖስትግሬስ ዝርዝር፣ በፒጂ ስታት ዩዘር ኢንዴክስስ፣ ለይተው ያስወግዱ፤ የደረሰኝ ቁጥር እንዳይደገም የሚጠብቀውን ግን ንባቡ ዜሮ ቢሆንም አይንኩት።