ድመታችሁን ከደረቅ ምግብ ወደ ጥሬ ሥጋ ስትቀይሩ፦ ችግርና መፍትሄ ለድሬና ለሐረር ሰው

ድሬዳዋ ውስጥ ድመቱን ደረቅ ምግብ ያስለመደ ሰው ከረጢቱ ሲያልቅ አዲስ አበባ ያለ ዘመድ ያስቸግራል። ዋጋውን ሲሰማ ደግሞ "ሥጋ ቤቱ እዚሁ ደጄ እያለ ለምን?" ይላል። ሐሳቡ ክፉ አይደለም። ድመት ሥጋ በል ናት። ችግሩ ሥጋ ሲባል ሙዳው ብቻ ነው የሚታየን። አይጥ የያዘች ድመት ሙዳውን መርጣ አትበላም። አጥንቱን፣ ልቡን፣ ጉበቱን፣ ሁሉንም ነው የምታነሳው። ከዚህ በታች ካሉት ችግሮች አብዛኞቹ የሚመጡት ይህን ከመርሳት ነው፤ የቀሩት ከመቸኮል።

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማህበር እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ለድመትና ለውሻ ጥሬ ሥጋ መስጠትን እንደማይመክር በይፋ ይዟል። ምክንያቱ ሳልሞኔላና መሰሎቹ ጀርሞች ናቸው። ቤታችሁ ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን፣ አቅመ ደካማ አዛውንት ወይም ታማሚ ካለ እኔም አልመክርም። ቀቅላችሁ ስጧት። ያ ውርደት አይደለም።

አሽታ ጥላው ትሄዳለች

ከሁሉ የሚበዛው ቅሬታ ይሄ ነው። ደረቁ ምግብ ሲመረት ላዩ ላይ ስብና ማጣፈጫ ይረጭበታል። ድመቷ ከልጅነቷ ያንን ሽታና ያንን "ቅርጭምጭም" ነው ምግብ ብላ የምታውቀው። ከፍሪጅ የወጣ ቀዝቃዛ ሥጋ ደግሞ ብዙ አይሸታትም። ስለዚህ ምግብ መሆኑንም ላታውቅ ትችላለች።

ሁለተኛው ምክንያት ሳህኑ ቀኑን ሙሉ ሙሉ መሆኑ ነው። ያልራበው ማን አዲስ ነገር ይሞክራል? ሦስተኛውን ብዙዎች አያስቡትም፦ ጎረቤት። የድሬ ግቢ ክፍት ነው፤ ድመቷ ሦስት ቤት ዞራ፣ በሦስት ስም ተጠርታ፣ ጠግባ ልትመጣ ትችላለች። ጎረቤቶቻችሁን አነጋግሩ። ያለዚያ የምታደርጉት ሁሉ ከንቱ ነው።

መፍትሄው እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሥጋውን እርሱት። ያንኑ ደረቅ ምግብ በሰዓት ስጧት፤ ጠዋትና ማታ፣ ቢበዛ ሦስቴ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሳህኑን አንሱ። ይህን ስትለምድ፣ በጣት ጫፍ የሚያዝ የተከተፈ ሥጋ ለብ አድርጋችሁ ከጎኑ አኑሩ። ለማሞቅ ሥጋውን በፌስታል ቋጥራችሁ ሙቅ ውሃ ውስጥ መንከር ይበቃል። አሁንም እምቢ ካለች ደረቁን ምግብ በሙቀጫ ወቅጣችሁ ዱቄቱን ሥጋው ላይ ነስንሱ። ይህቺ ዘዴ ብዙ ግትር ድመት አሸንፋለች። አንዳንዷ ጥሬውን ጨርሶ አትነካም፤ የተቀቀለውን ግን ትበላለች። እሱን አስጀምሯት፣ ከዚያ ማብሰያ ጊዜውን እያሳጠራችሁ ሂዱ።

በየሳምንቱ ሩብ ያህል ቀይሩ። አንድ ወር ቢፈጅ ምንም አይደል።

"ሲርባት ትበላለች" የሚለውን ምክር ግን አትስሙ። ለውሻ ሊሠራ ይችላል፣ ለድመት አደገኛ ነው። ድመት ለሁለትና ሦስት ቀን ምንም ሳትበላ ስትቀር የሰውነቷ ስብ ወደ ጉበቷ ይጎርፋል፤ ጉበቱ ሊሠራ ያቅተዋል። ወፍራም ድመት ከሆነች ደግሞ ይብሳል። ድድዋ ወይም የጆሮዋ ውስጥ ቢጫ ከሆነ ነገሩ ገፍቷልና ወደ ሐኪም ሩጡ። ሥጋውን አልበላም ካለች በዚያው ቀን ደረቁን መልሱላት። በእልህ ድመት የረታ ሰው አላውቅም።

በልታ ወዲያው ታስመልሳለች

ምግቡ ሳይፈጭ እንዳለ ከወጣ ወይ ቸኩላ ውጣዋለች፣ ወይ ሥጋው ቀዝቃዛ ነበር። ደረቅ ምግብ የለመደች ድመት ሥጋ መንከስ አልተማረችም። ሥጋውን ቀጭን አድርጋችሁ ሰፊ ሳህን ላይ ዘርጉት፤ መጠኑን ቀንሱና ሰዓቱን አብዙ። ሁለት ድመት ካላችሁ ለየብቻ አብሏቸው፤ መሻማቱ ነው የሚያስውጣቸው። ከሰዓታት በኋላ፣ ደጋግማ፣ ከድካም ጋር ካስመለሰች ግን የምግብ ለውጥ ብላችሁ አትለፉት።

ተቅማጥ

ምን ያህል ጉበት ሰጣችኋት? የመጀመሪያው ጥያቄ ይሄ ነው። ጉበት ርካሽ ሲሆን፣ ድመቷም ስትወደው፣ ሰው ጉበት በጉበት ያደርጋታል። ውጤቱ ጥቁርና ቀጭን ተቅማጥ ነው። ይህ እንኳ ቀላሉ ነው። ለወራት ከቀጠለ ቫይታሚን ኤ ሰውነቷ ውስጥ ይከማችና የአንገቷ አጥንት ላይ ትርፍ አጥንት ያበቅላል። አንገቷን ማዞር ያቅታታል፣ ራሷን መላስም ትተዋለች። የጉበት ድርሻ ከመቶ 5 እጅ አይለፍ፤ ከአንድ ኪሎ 50 ግራም ማለት ነው።

ሌላው ጮማ ነው። ሥጋ ሻጩ "ለድመት ነው" ስትሉት የሚያነሳላችሁ ሞራና ቅንጥብጣቢ ነው። አንሱለት፣ ወይም ደህና ሥጋ ግዙ። የግመል ሥጋ እዚህ እኛ ጋ እንደ ልብ ይገኛል፤ ስቡ ብዙ ስላልሆነ ለሆድ ጥሩ ነው።

ሦስተኛው ወተት ነው። ተቅማጥ ይዟታል ብሎ ወተት የሚሰጥ ሰው አለ። አብዛኛዋ ያደገች ድመት የወተትን ስኳር መፍጨት አትችልም፤ ይባስባታል። ውሃ ስጧት። ለሁለት ቀን ቆዳው የተገፈፈ የተቀቀለ ዶሮ፣ ያለ ጨው፣ ያለ ሽንኩርት ስጧት። ከዚያ ወደነበረችበት ደረጃ ተመለሱ። ደም ካለበት፣ ወይም የታመመችው ትንሽዬ የድመት ልጅ ከሆነች፣ ሁለት ቀን አትጠብቁ።

ታምጣለች፣ ግን የሚወጣ የለም

እዚህ ላይ ቆም በሉ። መጀመሪያ የምታምጠው ለየትኛው እንደሆነ ለዩ።

ወንድ ድመት ደጋግሞ አሸዋው ላይ ቁጢጥ እያለ፣ እየጮኸ፣ ብልቱን እየላሰ፣ ሽንት ጠብ ካላለው የሽንት ቧንቧው ተዘግቷል። ሰው ድርቀት ነው ብሎ ዘይት ያጠጣዋል። ያ ድመት በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላል። ሌሊትም ቢሆን ሐኪም ፈልጉ።

ሽንቱ ደህና ሆኖ ዓይነ ምድሩ ነጭ፣ ደረቅና ፍርፍር የሚል ከሆነ ግን አጥንት በዝቶበታል። አጥንቱን ለጥቂት ቀን አቁሙ፣ ሥጋና ትንሽ ጉበት ጨምሩ፣ ሥጋው ላይ አንድ ሁለት ማንኪያ ውሃ አፍስሱ። ስለ አጥንት ካነሳን፣ ሐረር ያደገ ሰው ጅብ የበሬ ጭን አጥንት ሲሰብር እያየ ነው ያደገውና ድመትም ትችላለች ይላል። አትችልም። ለእሷ የዶሮ አንገትና የክንፍ ጫፍ ይበቃታል፤ ያውም ጥሬውን። የተቀቀለ ወይም የተጠበሰ አጥንት ሲሰበር ይሾላል፤ አንጀት ይበሳል።

ታነክሳለች፣ መዝለል ትታለች፣ ሲያነሷት ትጮኻለች

ከሁሉም በላይ የምፈራው ይሄንን ነው። ቀስ ብሎ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣ ደግሞ ሰው "ወድቃ ነው" ይላል።

ሙዳ ሥጋ ፎስፈረስ ሞልቶታል፣ ካልሲየም ግን የለውም ማለት ይቻላል። ድመቷ ካልሲየም ከምግቧ ስታጣ ሰውነቷ ከአጥንቷ እየቀነሰ ይወስዳል። አጥንቱ ይሳሳል፣ ያለ ምንም አደጋ ይሰበራል። በማደግ ላይ ያለች ልጅ ከሆነች ሳምንታት ይበቁታል። ሥጋ ጠግባ፣ ፀጉሯ አምሮ፣ አጥንቷ ግን እያለቀ ነው።

ምልክቱን ካያችሁ ቤት ውስጥ ለመጠገን አትሞክሩ። ደረቁን ምግብ ዛሬውኑ መልሱ፣ ካልሲየሙ ተመጥኖ ተጨምሮበታልና። እንዳትዘል ጠባብ ቦታ አኑሯትና ሐኪም ዘንድ ውሰዷት። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ያለው በሁለቱ ከተሞች መካከል ነው። ሁለቱም ከተማ ውስጥ ሐኪም ካጣችሁ እዚያ ጠይቁ።

እንዳይመጣ ማድረጉ ግን ቀላል ነው። የእንቁላል ቅርፊት እጠቡ፣ ለ10 ደቂቃ ቀቅሉ፣ አድርቁ፣ ዱቄት እስኪሆን ፍጩት። ለአንድ ኪሎ አጥንት አልባ ሥጋ አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃል። የዶሮ አንገት በየጊዜው የምትበላ ከሆነ ቅርፊቱን ተዉት፤ ሁለቱ አንድ ላይ ድርቀት ያመጣሉ። ቅልቅሉ በግምት እንዲህ ይሁን፦ 750 ግራም ሥጋ፣ 200 ግራም ልብ፣ 50 ግራም ጉበት፣ ቅርፊቱ። 3 ኪሎ ለምትመዝን ድመት በቀን 100 ግራም አካባቢ ነው፤ ከሳች ወፈረች እያላችሁ አስተካክሉ።

ልቡን ለምን አበዛሁት? ድመት ታውሪን የሚባል ንጥረ ነገር ከምግቧ ማግኘት አለባት። ሲጎድላት ዓይኗ ይጠፋል፣ ልቧ ይላላል። እ.ኤ.አ. በ1987 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ ያሉ ተመራማሪዎች የልብ ድካሙ ከታውሪን እጥረት እንደሚመጣ አሳዩ። የሚገርመው ድመቶቹ ይበሉ የነበረው የፋብሪካ ምግብ ነው፤ መጠኑ የተስተካከለው ከዚያ በኋላ ነው። ልብ ታውሪን በደንብ አለው። ስትቀቅሉ ግን ታውሪኑ ወደ ውሃው ይወጣል። መረቁን አትድፉት፣ ሥጋው ላይ መልሱት።

ይህ ቅልቅልም ሙሉ አይደለም። ሌሎች ቫይታሚኖችና ማዕድናት ይጎድሉታል። ለዚህ ነው እኔ ከምግቧ ሩቡ ደረቅ ሆኖ ቢቀጥል የምመርጠው። መቶ በመቶ ጥሬ ይሁን የሚሉ ሰዎች ይቆጡ ይሆናል። ይቆጡ።

ሥጋው ይሸታል፣ ዝንብ ይወርረዋል

ድሬ በግንቦትና በሰኔ ምን እንደምትመስል ለድሬ ሰው አይነገርም። በዚያ ሙቀት ሥጋ ሳህን ላይ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይ። እንዲያውም ግማሽ ሰዓት ጥሩ ነው። ሐረር ወይና ደጋ ናት፣ ትንሽ ፋታ ይሰጣል፤ ግን በረዶ ቤት አይደለችም።

በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ጥቂት ጥቂት ግዙ፣ በጠዋት። የቄራ ማህተም ያለበትን ምረጡ። ሐረር ግድር መጋላ ገበያ የምትገዙ ፌስታሉን ጠበቅ አድርጋችሁ ያዙ፤ ጭልፊቶቹ ለድመት ነው አይሉም። በጾም ጊዜ የክርስቲያን ሥጋ ቤት ሲዘጋ የሙስሊሙ ክፍት ነው፣ ድመት ደግሞ አትመርጥም። በዚህ በኩል አገራችን ተመችታታለች።

ፍሪዘር ካላችሁ በየቀኑ ድርሻ ቋጥራችሁ አስቀምጡ። ጥቂት ቀን በደንብ በረዶ ሆኖ መቆየቱ ቶክሶፕላዝማ የሚባለውን፣ ከድመት ወደ ሰው የሚሄድ ጥገኛ ተውሳክ ይገድላል። ሳልሞኔላን ግን አይገድልም፤ ያስተኛዋል እንጂ። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ሥጋውን ንኩት። መሐሉ አሁንም በረዶ ከሆነ ችግር የለም። ቀዝቅዞ ግን ለስልሶ ከሆነ ዛሬውኑ ቀቅላችሁ ስጧት። ሞቆ ከሆነ ጣሉት፤ ማሽተት አያስፈልግም። የድመቷን ቢላና መክተፊያ ከእናንተው ለዩ። አሸዋዋን በየቀኑ ጥረጉ፤ ቶክሶፕላዝማ ከዓይነ ምድሯ ጋር ከወጣ በኋላ ሰው ለመያዝ ቢያንስ አንድ ቀን ይፈጅበታልና የዕለቱን በዕለቱ ማንሳት ብዙ ይጠቅማል። ነፍሰ ጡር ሴት ይህን ሥራ አትንካ።

ጭራዋ ሥር ሩዝ የሚመስል ነገር

የትል ቁራጭ ነው፤ ጥሬ ሥጋው ያመጣው ነው ብላችሁ ትደነግጣላችሁ። ብዙ ጊዜ ግን የሚመጣው ከቁንጫ ነው፤ ስትላስ ቁንጫውን ትውጣለች። ትሉን በመድኃኒት ብቻ ብታባርሩት ቁንጫው እስካለ ይመለሳል። ሁለቱንም አንድ ላይ አክሙ። ሥጋ ስትገዙ ሳንባ ወይም ጉበት ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ካያችሁ ግን ለማንም እንስሳ አትስጡ። ቅበሩት ወይም አቃጥሉት። የሰፈር ውሻ ከበላው እብጠቱ ውስጥ ያለው ሌላ ዓይነት ትል በውሻው አድርጎ ወደ ሰው ይመለሳል።

ውሃ መጠጣት ቀነሰች፣ ዓይነ ምድሯ አነሰ

ይሄ ችግር አይደለም። ደረቅ ምግብ ውስጥ ያለው ውሃ ከመቶ 10 እጅ ገደማ ነው፣ ሥጋ ውስጥ ግን 70 ገደማ። ሽንቷ እስካልቀነሰ ተዉአት።

በበዓል ማግስት ታመመች

ፋሲካ ይሁን አረፋ፣ ቤት ውስጥ በግ ሲታረድ ሁሉም ይጥልላታል። አንዱ ጮማ፣ አንዱ የጥብስ አጥንት፣ ልጆቹ ደግሞ ከወጡ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ደም ያፈርሳል፤ ድክመቱ የሚታየው ከቀናት በኋላ ስለሆነ ማንም ከበዓሉ ጋር አያገናኘውም። ድዷ ነጣ ካለ፣ ሽንቷ ጠቆር ካለ ሐኪም ይያት። ለሚቀጥለው በዓል ቢላው ሳይወጣ ድርሻዋን አብሏትና አንድ ክፍል ውስጥ ዝጉባት። ቁልፉን ለልጆቹ አትስጡ።