የልብ ሕመምተኛን የትሮፖኒን ውጤት ከነሰዓቱ እንዴት ማንበብ ይቻላል

ሃርት አታክ የምንለው ድንገተኛ የልብ ሕመም ሲደርስ ከሕመምተኛው ደም የሚለኩ ጥቂት ነገሮች ሁለት ጥያቄዎችን ለመመለስ ይረዳሉ፤ የልብ ጡንቻው በእርግጥ ተጎድቷል ወይ፣ ተጎድቶ ከሆነስ በቀጣዮቹ ቀናትና ወራት የሚያሰጋው አደጋ ምን ያህል ነው። ውሳኔው የሐኪሙ ነው። ይሁን እንጂ በባሕር ዳር ድንገተኛ ክፍሎች ወረቀቱን ከላብራቶሪ ወደ ሐኪም የሚያመላልሰው ብዙ ጊዜ አስታማሚው ስለሆነ፣ ውጤቱ በትክክል እንዲነበብ የእርሱም ድርሻ አለበት።

በመጀመሪያ፣ የደረት ውጋትን «ጨጓራ ነው» ብሎ ማሳደር አይገባም። ሆስፒታል እንደተደረሰ በ10 ደቂቃ ውስጥ ኢሲጂ (የልብን የኤሌክትሪክ እንቅስቃሴ የሚመዘግብ ምርመራ) መነሳት አለበት፤ ኢሲጂው የልብ ደም ሥር ሙሉ በሙሉ መዘጋቱን ካመለከተ ሕክምናው የደም ውጤት አይጠብቅም።

ቀጥሎ ሕመሙ የጀመረበት ሰዓት ይጻፍ። ትሮፖኒን የልብ ጡንቻ ሲጎዳ ወደ ደም የሚገባ ፕሮቲን ነው። በተለመደው ምርመራ ከፍ ብሎ የሚታየው ሕመሙ ከጀመረ ከ3 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ ሲሆን፣ በአንድ ቀን ገደማ ከፍተኛው ደረጃ ላይ ይደርስና ለሳምንት ወይም ከዚያ በላይ በደም ውስጥ ይቆያል። ስለዚህ በመጀመሪያው ሰዓት የተገኘ «ኖርማል» ውጤት ሕመምተኛውን ነጻ አያደርገውም። በአንጻሩ ሕመሙን ለቀናት ችሎ ከደቅ ደሴት በጀልባ የመጣ ሰው ቁጥሩ ከፍ ቢል፣ ጉዳቱ የዛሬ ላይሆን ይችላል።

እዚህ ላይ የሰዓት አቆጣጠራችን ብርቱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብዙ ማሽኖች የሚያትሙት በአውሮፓውያን ሰዓት ነው። ሕመሙ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀመረ፣ ደሙ የተቀዳበት ሰዓት ደግሞ በወረቀቱ ላይ 10:00 ተብሎ ታተመ እንበል። ሁለቱን እንዳሉ ያነበበ ሰው 7 ሰዓት ያለፈ ይመስለዋል፤ 10:00 ግን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነውና ያለፈው 1 ሰዓት ብቻ ነው። ከ7 ሰዓት በኋላ የተገኘ ዝቅተኛ ትሮፖኒን በእጅጉ ያረጋጋል፤ ከ1 ሰዓት በኋላ የተገኘው ግን ብዙም አያስተማምንም። ስለዚህ «ከጠዋቱ 3 ሰዓት፣ በማሽኑ 9:00» ብሎ ሁለቱንም በእስክሪብቶ መጻፍ ያስፈልጋል።

ከዚያ ምርመራው ይደገማል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የሃርት አታክ ዓለም አቀፍ ትርጓሜ የሚጠይቀው አንድ ከፍ ያለ ቁጥር ብቻ ሳይሆን የቁጥሩን መጨመር ወይም መቀነስ፣ ከልብ ሕመም ምልክት ጋር ነው፤ የኩላሊት ድካም፣ ከባድ ኢንፌክሽንና የሳንባ ደም ሥር መዘጋትም ትሮፖኒንን ከፍ ያደርጋሉና። ሁለቱም ምርመራዎች በአንድ ላብራቶሪ፣ በአንድ ዓይነት ማሽን ይሠሩ። ባለቤቷን ታስታምም የነበረች አንዲት እናት ከግል ላብራቶሪ 0.09፣ ከሆስፒታል ደግሞ 90 የሚሉ ወረቀቶችን ጎን ለጎን ይዛ «ሺህ ጊዜ ጨመረበት» ብላ ስታለቅስ አይቻለሁ። ፊተኛው ናኖግራም በሚሊ ሊትር፣ ኋለኛው ናኖግራም በሊትር ነበርና ቁጥሮቹ እኩል ነበሩ። መለኪያው አንድ ቢሆን እንኳ ትሮፖኒን አይ እና ትሮፖኒን ቲ የሚባሉት ሁለቱ የትሮፖኒን ዓይነቶች እርስ በርስ አይነጻጸሩም።

ሌሎቹ ምርመራዎች አጠር ያለ ቃል ይበቃቸዋል። ኤንቲ-ፕሮቢኤንፒ የልብን መወጠር ስለሚያሳይ የልብ ድካምንና የሞት አደጋን አስቀድሞ ይጠቁማል፤ ክሬቲኒን የኩላሊትን ሁኔታ ይናገራል። ገንዘብ ካጠረ፣ በእኔ እምነት ሁለተኛው ትሮፖኒንና ክሬቲኒን ይቅደሙ። ትሮፖኒን በሚገኝበት ቦታ ሲኬ-ኤምቢ ለሚባለው የቆየ የልብ ጡንቻ ጉዳት ምርመራ ተጨማሪ ወጪ ማውጣት አብዛኛውን ጊዜ አስፈላጊ አይደለም።

በመጨረሻም ሐኪሙ እነዚህን ግሬስ በሚባለው የነጥብ አሰጣጥ ያጣምራል። ዕድሜ፣ የልብ ምት፣ የደም ግፊት፣ ክሬቲኒን፣ የልብ ድካም ምልክት፣ ሲገቡ ልብ ቆሞ እንደነበር፣ የኢሲጂ ለውጥና የትሮፖኒን ከፍታ ይደመራሉ፤ ድምሩ ከ140 በላይ ከሆነ ሕመምተኛው ከፍተኛ አደጋ ካለባቸው ይመደባል። ትሮፖኒን በዚህ ስሌት የሚገባው «ከፍ ብሏል» ወይም «አላለም» ተብሎ ብቻ ስለሆነ፣ የቁጥሩ ትልቅነት ብቻውን ሊያስደነግጥ አይገባም፤ ይልቅስ የግፊቱ መውረድና የክሬቲኒኑ መጨመር በቅርብ ይጠየቅ። ሪፈር ከተጻፈም የሁሉም ወረቀቶች ቅጂ፣ ሰዓታቸውና የላብራቶሪው ስም ተጽፎባቸው፣ ከሕመምተኛው ጋር ይሂዱ፤ ተቀባዩ ሐኪም የቁጥሩን አካሄድ የሚያየው ከመጀመሪያው ውጤት ተነሥቶ ነው።