የማስታገሻ ሕክምና ነርሶች ድካማቸውን እንዴት ያቃልላሉ?

እኛ አገር ሰው ሲሞት ድንኳን ይተከላል። እድርተኛው ይሰበሰባል፣ ለሟቹ እስከ ሰልስት ይለቀስለታል። ነርሷ ግን ድንኳን የላትም። የምታስታምመው በሽተኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ቢያርፍ፣ የሚቀጥለው አልጋ የሕመም ማስታገሻውን ሞርፊን ይጠብቃታል። ፈሳሽ ሞርፊን በየ4 ሰዓቱ ነው፤ እሷ እስክታለቅስ አይቆምም። ባሕር ዳር ውስጥ ፓሊያቲቭ ኬር የምንለውን፣ በጽኑ የታመመን ሰው ስቃይ የማስታገስ ሥራ ዓመታት ሠርቼበታለሁ። የሚያዝለን ቆሞ መዋሉ ብቻ አይደለም፤ ሳይለቀስ የቀረው ለቅሶም ነው።

1. ድካሙን ለዩት። ተኝታችሁ ከለቀቃችሁ የጉልበት ድካም ነው። ተኝታችሁም ካልለቀቃችሁ፣ አስታማሚ ሲጠራችሁ «ደግሞ ምን ፈለገ?» ማለት ከጀመራችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. በሥራ መዛልን ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ብሎ መድቦታል። ስንፍና አላለውም።

2. ሰው ሲያርፍ አምስት ደቂቃ ውሰዱ። አብራችሁ ተረኛ የሆነችውን «እስቲ ያዢልኝ» በሏት። የሟችን ስም ጥሩ፣ «ነፍስ ይማር» በሉ፣ ታጠቡ፣ ውሃ ጠጡ። እኔ መጀመሪያ ጊዜ ማባከን ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ሁለት ሳምንት ሙሉ ያጠብኳቸው እናት ስማቸው ጠፋብኝ። ያን ቀን ነው የደነገጥኩት።

3. የሌሊት ዱቲ ስትጨርሱ ቤት ቡና ተፈልቶ ይጠብቃችኋል። መቼም ባሕር ዳር ነው! አቦሉን ለከሰዓት አስተላልፉት። የካፌይኑ ግማሽ ከሰውነት እስኪወጣ 5 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። መስኮቱን በወፍራም ጨርቅ ጋርዱ፣ ቀን እንደምትተኙ ለጎረቤትም አስቀድማችሁ ንገሩ።

4. ከባጃጁ ሰፈር ሳትደርሱ ውረዱና በጣና ዳር ትንሽ በእግር ሂዱ። ጣና ሐዘን ያጠፋል አልልም። ግን ልጆቻችሁ ፊት ሌላ ፊት ይዛችሁ ትደርሳላችሁ።

5. በሽተኛ በሞተባችሁ ማግስት ትርፍ ዱቲ አትያዙ። የደመወዙን ነገር አውቀዋለሁ፣ ቢሆንም።

6. እንቅልፍና ምግብ ሁለት ሳምንት ከራቃችሁ፣ ወይም መኖር ካስጠላችሁ፣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። መኖር ካስጠላችሁ ግን አንድ ቀንም አትጠብቁ። የአእምሮ ሕክምና በፈለገ ሕይወትም በጥበበ ግዮንም ሆስፒታል ይሰጣል። ባልደረቦቼ ያዩኛል ብላችሁ ካፈራችሁ፣ ከማትሠሩበት ግቡ።