ከእምነት ሳናውቀው የምንወጣባቸው ስህተቶች፣ በተለይ ዳር ሰፈር ለምንኖር

ሰው ከሃይማኖቱ ወጣ ሲባል ብዙዎቻችን ምናስበው አንድ ቀን ማተቡን በጥሶ «ከዛሬ ጀምሮ አላምንም» ያለ ሰው ነው። እኔ ግን እንደዛ አይነት ሰው ብዙ አላየሁም። እዚህ ቱሉ ዲምቱ አጥቢያችን ውስጥ የሰበካ ጉባኤ መዝገብ ላይ ስለምሰራ ማየው ሌላ ነው፣ ማተቡ አንገቱ ላይ አለ፣ ላዳው ውስጥ የእመቤታችን ስዕል አለ፣ ሲምልም በማርያም ነው፣ ግን መጨረሻ መቼ አስቀደስክ ብትለው ያስባል ያስባልና «ያ የጎረቤታችን ፍትሐት ጊዜ» ይልሃል። ይሄ ሰው ካደ አይባልም፣ ግን እየሄደ ነው፣ እሱም አያውቅም። ዕብራውያን 2፥1 «ከሰማነው ነገር ምናልባት እንዳንወሰድ» ብሎ ያስጠነቀቀው ለከሃዲ ሳይሆን ለአማኝ ነው። እንግዲህ እኔ ያየኋቸውን ስህተቶች እንደመጣልኝ ልጻፋቸው።

«የኔ አጥቢያ እኮ ፒያሳ ነው»

የመጀመሪያውም ትልቁም ይሄ ነው። ሰው ኮንዶሚኒየም ደርሶት ወይ በልማት ተነስቶ ኮዬ፣ አራብሳ፣ የካ አባዶ፣ ገላን ሲገባ ሶፋውን ጭኖ ይመጣል፣ ፍሪጁን ጭኖ ይመጣል፣ አጥቢያውን ግን እዛው ይተወዋል። መጀመሪያ ሰሞን በየእሁዱ ሁለት ታክሲ ሶስት ታክሲ እየቀያየረ ወደ ጊዮርጊስ ወይ ወደ ዑራኤል ይመላለሳል፣ ከዛ ለወርኃዊው በዓል ብቻ ይሄዳል፣ ከዛ ለዓመቱ ንግስ፣ ከዛ ታክሲው ተወደደ፣ ልጁ አመመው፣ በቃ። እዚህ አጠገቡ ያለውን ቤተክርስቲያን ደግሞ የራሱ አላደረገውም፣ ቆርቆሮ መቃኞ ነው፣ ክረምት ላይ እስከ ቁርጭምጭሚት ጭቃ ነው፣ ድምጽ ማጉያው ይንጫጫል፣ «የኛ ሰፈር መዘምራንን ብትሰማ» እያለ ያወዳድራል። ስለዚህ እዛም የለ እዚህም የለ። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ቢቀር «የት ጠፋ» ሚለው ሰው የለም፣ ፒያሳ ያሉት እዚህ እያስቀደሰ ይመስላቸዋል፣ እዚህ ያለነው አናውቀውም።

ባለፈው ባልና ሚስት ወንድ ልጃቸው አርባ ቀን ሊሞላው ሁለት ቀን ሲቀረው ለክርስትና ሊያስመዘግቡ መጡ። ንስሐ አባታችሁ ማን ናቸው ስላቸው ተያዩ። ባልየው ስም ተናገረ፣ ደውልላቸው አልኩት፣ ደወለ፣ ስልኩ አይሰራም፣ እዛው ቆመን በሰው በሰው ሲያጠያይቅ አባ ካረፉ ሁለተኛ ዓመታቸው ነው። ሴትየዋ ልጇን እንደታቀፈች አለቀሰች። ሁለት ዓመት ሙሉ ንስሐ አባት አለን ብለው ነበር ሚኖሩት ማለት ነው። ልጁ በቀኑ ተጠመቀ፣ እነሱም አዲስ ንስሐ አባት ያዙ፣ ግን ስንቱ ነው እንዲህ የሚኖረው እላለሁ።

መፍትሄው ደግሞ ከባድ አይደለም። ቤት ስትቀይር ለንስሐ አባትህ ንገራቸው፣ እሳቸው ራሳቸው እዛ ሰፈር ላሉ አባት ያስተላልፉሃል፣ ከድሮው አጥቢያ መሸኛ አጽፈህ አምጣ፣ እዚህ ሰበካ ጉባኤ ተመዝገብ። የሰንበቴ ማኅበርህን ከወደድከው እሱን እዛው ቀጥል፣ ማንም አይከለክልህም፣ ቅዳሴህ ግን በእግርህ ምትደርስበት ቦታ ይሁን።

«በላይቭ ተከታትያለሁ»

በ2012 ኮሮና ሲመጣ ቅዳሴውን ቤት ሆነን በቲቪ ተከታተልን፣ ግድ ስለነበር ነው። ለታመመ ሰው፣ ዓረብ ሀገር ሰው ቤት ለምትሰራ እህታችን ዛሬም ትልቅ ነገር ነው። ጤነኛው ሰው ግን እንደዛው ለምዶ ቀረ። እሁድ ጠዋት ስልኩን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ቅዳሴ ከፍቶ ሽንኩርት ይከትፋል፣ ወንጌል ሲነበብ ማስታወቂያ ይገባል፣ መሃል ላይ ሰው ይደውላል። ሰማሁ እንጂ አስቀደስኩ አይባልም። ስልክ አያቆርብህም፣ ጸበል አይረጭህም፣ ደግሞ ስትቆም አጠገብህ ያለችው አሮጊት ደክሟት መቋሚያ ስታጣ ያንተን ስጣት አይልህም። ስብከቱንም ቢሆን ምትመርጠው አንተ አይደለህም፣ ቲክቶክ ነው ሚመርጥልህ፣ እሱ ደግሞ ሚያመጣልህ የሚጮኸውን ነው።

ከዚሁ ጋር ሚሄደው ክርክር ነው። ሌሊቱን ሙሉ ከሙስሊሙ፣ ከፕሮቴስታንቱ፣ ከራሱ ከኦርቶዶክሱ ጋር ሲሰዳደብ ያደረ ልጅ አባታችን ሆይ ሳይል ይተኛል። ለሃይማኖቴ ነው ይልሃል። እንደ አርሰናልና ማንቼ ደጋፊ ሆኗል፣ ደጋፊ ደግሞ ሜዳ አይገባም።

ቁጣን እምነት ማድረግ

ይሄ ትንሽ ስስ ጉዳይ ነው፣ ግን ልበለው። በጥር 2015 ያ ያለ ሲኖዶስ ፈቃድ የተደረገው የጳጳሳት ሹመት ነገር ቤተክርስቲያንን ለሁለት ሊከፍላት በደረሰበት ሰሞን፣ የነነዌን ሶስት ቀን ጾም ጥቁር ለብሳችሁ በጸሎት ጹሙ ተባለና ሰዉ እንዴት እንደወጣ ታስታውሳላችሁ። እኛ ግቢ ቦታ ጠፍቶ ሰው መንገድ ላይ ቆሞ ነበር ያስቀደሰው፣ ዓመት ሙሉ አይቻቸው ማላውቃቸው ሰዎች እንባቸውን እያፈሰሱ ነበር፣ እውነት ነው ልብ ይነካ ነበር። የካቲት ላይ ስምምነት ተባለ፣ ትንሽ ቆይቶ ዐቢይ ጾም ገባ፣ ሃምሳ አምስት ቀን። አብዛኞቹን አላየኋቸውም።

አልፈርድባቸውም፣ ቤተክርስቲያን ስትነካ መነሳት ደግ ነው። ግን ሰው የሚቆጣላትን ሁሉ ያመነባት ይመስለዋል። ጥምቀት ላይ ጥለት ያለው ልብስ ለብሶ ታቦት ማጀብ፣ ባንዲራ መያዝ፣ «ማንነቴ ነው» ማለት፣ ጥሩ ነው፣ ግን ይሄን ሁሉ እግዚአብሔርን አንድ ጊዜ ሳያናግሩ ማድረግ ይቻላል። ችግሩ ቁጣው ሲበርድ ስር ያለው ባዶ ሆኖ መገኘቱ ነው።

«ቄሱ እንዲህ ስላደረገኝ»

ቅያሜውን አላጣጥለውም። ለቀብር ሲሄድ ገንዘብ የተጠየቀ፣ በንስሐ የነገረው ነገር በሰው አፍ ሲዞር የሰማ፣ በብሄሩ ክፉ የተነገረው ሰው አለ፣ እነዚህ ጥፋቶች ናቸው፣ ዝም በሉ አልልም፣ ሰበካ ጉባኤ አለ፣ ወረዳ ቤተ ክህነት አለ፣ ሀገረ ስብከት አለ፣ አቤት ማለት ይቻላል፣ ንስሐ አባትም መቀየር ይቻላል። ስህተቱ ግን ቄሱን ተቀይሞ ጸሎቱን መተው ላይ ነው። የቀረኸው ከቁርባን ነው እኮ፣ ቁርባኑ ደግሞ የሱ አይደለም። ይሁዳ ከአስራ ሁለቱ አንዱ ነበር፣ ገንዘብ ያዡም እሱ ነበር፣ አስራ አንዱ «እንግዲህ እንዲህ ከሆነ» ብለው ቢበተኑ ዛሬ ምን ይኖር ነበር።

«መጀመሪያ ልስተካከል»

ብዙ ጨዋ ሰው ሚጠፋው በዚህ ነው። ሳይጋቡ አብረው ሚኖሩ አሉ፣ መጠጥ ያስቸገረው አለ፣ አንድ ጊዜ ተሳስታ ጠንቋይ ቤት የሄደች አለች፣ ሌላ አዳራሽ ሄዶ ዓመት ቆይቶ የተመለሰ አለ። ሁሉም ሚሉት አንድ ነው፣ «በዚህ ሁኔታዬ እንዴት ደጁን እረግጣለሁ፣ ልስተካከልና እመጣለሁ።» አይስተካከልም። እየራቀ በሄደ ቁጥር ያፍራል፣ ባፈረ ቁጥር ይርቃል።

የቤተክርስቲያን ታሪክ ላይ ከዚህ የባሰ መጥቷል። በዲዮቅልጥያኖስ ስደት ጊዜ፣ በፈረንጅ ከ303 ጀምሮ፣ ስንቱ ሰማዕት ሲሆን ስንቱ ደግሞ ፈርቶ ለጣዖት ሰውቷል። ካደ ማለት እንግዲህ ያ ነው፣ የኛ አይነት መስነፍ አይደለም። ከዛ ግን ተጸጽተው ተመለሱ። ያኔ የእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ማን ነበሩ፣ በየዓመቱ ኅዳር 29 ምናስባቸው ተፍጻሜተ ሰማዕት ጴጥሮስ። በ306 ለተመለሱት ሰዎች ቀኖና፣ ማለትም የንስሐ ሥርዓት፣ ጻፉ፣ ያዘዙትም ለሁሉም እኩል አልነበረም። ብዙ ተሰቃይቶ ስቃዩ በዝቶበት የካደ ሰው፣ ሲያለቅስ የቆየበት ጊዜ ታስቦለት አርባ ቀን ብቻ ይጨመርበት አሉ፣ ታስሮ ብቻ ሳይገረፍ የካደው አንድ ዓመት፣ ምንም ሳይነካ በፍርሃት ብቻ የካደው ከዛ በላይ። እያንዳንዱ ምን እንደገጠመው ታይቶ ነው። በራቸውን አልዘጉም፣ እንዲሁ ግቡም አላሉም። እሳቸው ራሳቸው ደግሞ በ311 አንገታቸውን ተቆርጠው ሰማዕት ሆኑ፣ ለደካማ ያዘኑት እሳቸው ጠንካራ ስላልነበሩ አይደለም ማለት ነው።

ጣዖት ለሰዋ ሰው አርባ ቀን ካለ ላንተ መጠጥ ቀኖና የለም ብለህ ነው? ንስሐ ማለት እኮ ታጥበህ ምትገባበት ሳይሆን ገብተህ ምትታጠብበት ነው። ሌላው ስህተት ደግሞ ቁርባንን የህጻናትና የሽማግሌ ማድረግ ነው፣ ከሰባት ዓመት በኋላ እስከ ስልሳ አንቆርብም፣ መሃሉን ዕድሜያችንን በሙሉ ያለ እሱ እንኖራለን። ከንስሐ አባትህ ጋር ተነጋገር፣ አስራ ስምንት ሰዓት ጹም፣ ቅረብ። ያላገባ አይቆርብም ሚባለው የሰፈር ወሬ ነው።

ልጆቹን ዝም ማሰኘት

እዚህ ኮንዶሚኒየም ግቢ ውስጥ ያለ ልጅ ቀኑን ሙሉ ስልክ ላይ ነው፣ ሚሰማውን ሁሉ ይሰማል፣ ከዛ መጥቶ ይጠይቃል። አንድ የአስራ አራት ዓመት ልጅ እናቱን «ጾም ላይ ወተት ካልተበላ እግዚአብሔር ምን ይጠቀማል» አላት፣ እሷም በጥፊ ብላ «ማን ነው ይሄን ያስተማረህ» አለችው። ያስተማረው የለም፣ ገርሞት ነው የጠየቀው። ያን ቀን የተማረው ግን እናቱ መልስ እንደሌላት ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ መልስ አለኝ የሚል ሰው ዩትዩብ ላይ ሲያገኝ ወደዛ ይሄዳል።

ካላወቅሽ «አላውቅም ልጄ፣ እሁድ መምህሩን አብረን እንጠይቃለን» በይው። አብረን ሚለው ላይ ነው ቁም ነገሩ፣ ልጁን ሰንበት ትምህርት ቤት ልኮ እራሱ ሱቅ ሚሄድ አባት አለና።

ስለ ስራ ብዙ አልልም፣ ሁሉም ያውቀዋል። እሁድ ብሎኬት ሚያመርተው፣ ራይድ ሚነዳው፣ ፋብሪካ ፈረቃ ሚገባው ኑሮ ገፍቶት ነው፣ ለሱ ማዘን ነው ያለብን፣ ኪዳን ሚባለው ጸሎት በየቀኑ ጠዋት አለ፣ ከስራ በፊት አስር ደቂቃ ገብቶ መውጣት ይቻላል። ዴማስ የሄደው ግን ተርቦ አይደለም። ቆላስይስ ላይ ከሉቃስ ጋር ሰላምታ ሚልክ የጳውሎስ ጓደኛ ነበር፣ 2ኛ ጢሞቴዎስ 4፥10 ላይ ስንደርስ «የአሁኑን ዓለም ወዶ ትቶኛል» ተባለለት። ሁለተኛ ሱቅ ሊከፍት ብሎ ሶስት ዓመት ኪዳን ሳይደርስ የቀረውን ነው ምላችሁ፣ ራሱን ያውቃል።

ቤተክርስቲያን ውስጥ ያለነው የኛ ስህተት

ሰው ሲጠፋ መጀመሪያ ምናደርገው ማውራት ነው። «ጴንጤ ሆነች አሉ»፣ «ትዳሩ ፈርሶ ነው»፣ ቡና ላይ ይፈላል። እህታችን ሌላ እምነት ብትይዝ እንኳ ቡና ጥሪው ይቀራል፣ ሰላምታው ይቀራል፣ ከዛ ስትታመም ማን ይጠይቃት፣ እነሱ ይጠይቋታል። ታዲያ ለምን ትመለሳለች? የአንዲት እናትን ነገር ላንሳ፣ የጎረቤታቸው ልጅ ሄዳ ስትቀር ምንም አላሉም፣ ፋሲካ ሲመጣ እንደ ሁልጊዜው ዳቦ ይልኩላታል፣ ስትወልድ ገንፎ ይዘው ሄዱ። ልጅቷ ተመለሰች አልላችሁም፣ እስካሁን አልተመለሰችም። ግን ችግር ሲገጥማት ምትደውለው ለሳቸው ነው።

ሶስት እሁድ ያላያችሁት ሰው ካለ ደውሉ። ስትደውሉ ደግሞ «ምነው ጠፋህ፣ ተውከን እኮ» ብላችሁ አትጀምሩ፣ ሰው እንደዛ ሲባል ሰበብ ማቀበል ነው ሚጀምረው። ስለ ቤቱ ስለ ልጆቹ ጠይቁ፣ መጨረሻ ላይ «እሁድ አስራ ሁለት ሰዓት ብሎካችሁ ስር እጠብቅሃለሁ፣ አብረን እንሂድ» በሉና ዝጉት። ስልኩ ከሌላችሁ የብሎኩ ኮሚቴ ጋር አለ።