የማኔን «ሽማግሌው ሙዚቀኛ» እንዴት እናንብበው?

ዋሽንግተን ዲሲ ያላችሁ ታድላችኋል። ፈረንሳዊው ኤድዋር ማኔ እ.ኤ.አ. በ1862 የሳለው ይህ ሥዕል እዚያው ናሽናል ጋለሪ ኦፍ አርት ተሰቅሏል፤ መግቢያውም በነፃ ነው። ሌሎቻችን በስልክም ቢሆን አጉልተን እንየው።

መጀመሪያ ሰዎቹን ቁጠሩ። ከሕፃኗ ልጅ ጋር ሰባት ናቸው። ቀጥሎ ዓይናቸውን ተከተሉ። ተጠጋግተዋል እንጂ የሚያወሩ አይመስሉም። ሽማግሌው ደግሞ ትክ ብሎ የሚያየው እኛን ነው።

አሁን ወደ እጁ ውረዱ። ቫዮሊኑ አገጩ ሥር አልገባም፤ ቀስቱም ክሩን አይፈትግም። የእኛ አዝማሪ ቢሆን ይሄኔ ማሲንቆውን እየገዘገዘ ሁላችንንም በግጥም ጎሸም ያደርገን ነበር። ማኔ የመረጠው ግን ዝም ያለበትን ቅጽበት ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። በቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቻችን በጎን የተሳለ፣ አንድ ዓይኑ ብቻ የሚታይ ሰው ክፉ ነው። ያንን ደንብ ይዛችሁ እዚህ አትምጡ። በግራ በኩል ሕፃን ያቀፈችው ባዶ እግሯን የቆመች ልጅ በጎን ብትታይም ምንም ኃጢአት የለባትም።

ከዚያ ስለ ሙዚቀኛው «ይህ ሰው ማነው?» በሉ። ለሥዕሉ የተቀመጠው ዣን ላግሬን ይባላል። ጂፕሲ እየተባሉ ከሚጠሩት፣ ሮማ ከሚባሉት ሕዝቦች ወገን ነው (የሮም ከተማ ሰዎች ማለት አይደለም)፤ በፓሪስ ጎዳናዎች ሙዚቃ እየተጫወተ ይኖር ነበር። አቀማመጡ ግን ፓሪስ ሉቭር ሙዚየም ካለው የግሪኩ ፈላስፋ የክሪሲፖስ ሐውልት የተቀዳ ይመስላል። ባርኔጣ ያደረገው ሰውዬም አዲስ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1859 ሳሎን የተባለው የፓሪስ ይፋዊ የሥዕል ዐውደ ርእይ አልቀበልም ካለው የማኔ ሥዕል «አብሳንት ጠጪ» የመጣ ነው (አብሳንት ኃይለኛ የአልኮል መጠጥ ነው)። ስለዚህ ሥዕሉን እንደ ፎቶ ማስረጃ አትውሰዱት፤ ተገጣጥሞ የተሠራ ነው።

ለእኔ ዋናው ቁልፍ ከሰዎቹ ጀርባ የሚታየው ቦታ ነው። የጎዳና ሙዚቀኛ ሆኖ ጎዳናው የለም። ቤትም፣ ሱቅም፣ ካፌም የለም። ያኔ ባሮን ኦስማን ፓሪስን እያፈረሰ በሰፋፊ መንገዶች ይሠራት ነበር፤ ማኔ ስቱዲዮ አቅራቢያ የነበረው «ፔቲት ፖሎኝ» የተባለ የድሆች ሰፈርም ከሚፈርሱት አንዱ ነው። በእኛ አነጋገር እነዚህን ሰዎች የልማት ተነሺዎች አድርጌ ነው የማነባቸው።

መጨረሻ ቀኝ ጫፉን እዩ። ጥምጥም ያሰረውን ሽማግሌ ብዙዎች በአፈ ታሪክ የሚታወቀው ተንከራታቹ አይሁዳዊ ነው ይላሉ። ግማሽ አካሉን የቆረጠው ስልካችሁ እንዳይመስላችሁ፤ ማኔ ራሱ ነው።